ገዳዩ አለ፣ ቀባሪው የት አለ?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «በአሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች ዳር የሚገኙ የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች የማቀዝቀዣ ውሃቸውን ከእስያ ክላም ለመጠበቅ ከሁሉ አስቀድመው በክሎሪን ሊታመኑ ይገባል።» ደጋፊው የውሃ ኬሚስት፣ ተቃዋሚው የጥገና መሐንዲስ ናቸው።

ኬሚስቱ

የእስያ ክላም በሁለት ቅርፊት የተከደነች ትንሽ የወንዝ ዛጎል ናት። እ.ኤ.አ. በ1938 በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በሚገኘው በኮሎምቢያ ወንዝ ከታየች ወዲህ አገሪቱን አዳርሳለች፤ ራሷን በራሷ ማዳቀል ስለምትችል አንዲት ብቻ ብትገባም ዘር ትተካለች። ወደ ጣቢያው የምትገባው ደግሞ ትልቋ ሳትሆን 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምታህለው ጫጩቷ ናት፤ እዚያው አድጋ ቧንቧ ትደፍናለች። ይህችን የሚያስቀር ወንፊት ብንሠራ ውሃውንም ያስቀርብናል። ስለዚህ ከውሃው ጋር አብሮ የሚገባ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ እሱም በየቤቱ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው። በመራቢያዋ ወቅት ሳይቋረጥ በትንሽ መጠን ከተጨመረ ጫጩቷ ሳታድግ ትቀራለች። አድጋ ብትገኝም መጠኑንና ጊዜውን ጨምረን እንገድላታለን፤ ከሞተች ደግሞ ነገሩ አለቀ።

መሐንዲሱ

«ከሞተች ነገሩ አለቀ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተከበሩት ኬሚስት፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ውሃ የሚመልሰው የኮንደንሰር መግቢያ ተከፍቶ አይተው ያውቁ ይሆን? እኔ ከፍቻለሁ። እንደ ማር እንጀራ በተደረደሩት የቱቦ አፎች ላይ ባዶ ቅርፊት እንደ ውታፍ ገብቶ ተቀምጧል፤ በጣት አይወጣም፣ በብረት ዘንግ አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ሽታውን አላነሣም። በሕይወት ያለችው ክላም ከዝቃጩ ውስጥ ተቀብራ ትቀመጣለች፤ ቦታዋን ለቅቃ የምትጓዘው ሥጋዋ በስብሶ ቅርፊቷ ሲቀር ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ በየቦታው ተበትኖ የነበረውን አንሥቶ ጠባቡ ቦታ ላይ አከማቸልን ማለት ነው። ገዳዩ አለ፣ ቀባሪው የት አለ?

ደግሞስ መቼ ነው የምትሞተው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንደሚባለው፣ ክሎሪን ሲሸታት ቅርፊቷን ገጥማ ለቀናት ትቆያለች። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፌዴራል ደንብ ደግሞ ክሎሪን ያለበት ውሃ ከአንድ ማመንጫ ክፍል በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይለቀቅ ይገድባል። ለ2 ሰዓት አፏን ዘግታ መቆየት ለእሷ እንቅልፍ ነው። ክሎሪን ወንዝ ውስጥ ካለ ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የተባሉ ጎጂ ውህዶችን እንደሚፈጥርም ኬሚስቱ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ በቧንቧው ብናዞር ከዚህ ሁሉ እንድን ነበር።

ኬሚስቱ

ተከራካሪዬ ደንቡን እስከ ግማሹ አንብበው አስቀምጠውታል። ያው ደንብ ጣቢያው እንዲህ ያሉ እንስሳትን ለመከላከል ከ2 ሰዓት በላይ እንደሚያስፈልገው ካስረዳ እንደሚፈቀድለት ይናገራል። ቅርፊቷን ገጥማ ብትቆይም እኛም በትዕግሥት እንቆያለን፤ ሳትተነፍስና ሳትመገብ ለዘለዓለም አትኖርም። ካስፈለገም ክላሟ ስለማትጠረጥረው አፏን የማትዘጋለት የኳተርነሪ አሞኒየም መድኃኒት አለ፤ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት ቤንቶናይት በተባለ ሸክላ አፈር ተይዞ ይመክናል።

ስለ ሙቅ ውሃው ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለአደጋ ጊዜ ብቻ ተዘርግቶ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ በተኛ ቧንቧ ውስጥ ያንን ሙቀት ከየት አምጥተው ያዞሩታል? ቅርፊት መልቀምን በተመለከተ፣ እሱ የኬሚስት ሥራ አይደለም።

መሐንዲሱ

«የኬሚስት ሥራ አይደለም።» ይህን በጽሑፍ ስላገኘሁት አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ የምሰማው በቃል ብቻ ነበር።

የተኛውን ቧንቧ ራስዎ ስላነሡት በዚያው እንቀጥል። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1980 በአርካንሳስ፣ በዳርዳኔል ሐይቅ ዳር የሚገኘው የአርካንሳስ ኑክሌር ዋን ጣቢያ ሁለተኛ ክፍል ሥራ አቆመ። ምክንያቱም በጣቢያው የተመደበ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ በሪአክተሩ (የኑክሌር ኃይሉ በሚመነጭበት ክፍል) መከለያ ማቀዝቀዣዎች የሚያልፈው ውሃ ከተደነገገው በታች መሆኑን ስለደረሰበት ነበር። ሲከፈቱ በክላም ተደፍነው ተገኙ። የኑክሌር ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በማግሥቱ ዓመት በመላ አገሪቱ ላሉ ጣቢያዎች ማስጠንቀቂያ ላከ። ነገሩን ያወቀው የክሎሪን መለኪያ ሳይሆን የፍሰት መለኪያ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ቫልቩ ተዘግቶ ውሃው በቆመበት ቧንቧ ውስጥ ክሎሪንዎ በምን እግሩ ይደርሳል?

ኬሚስቱ

ስለ ሙቁ ውሃ የጠየቅኩት መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፤ አንባቢ ይታዘብ። ርዕሳችን ክሎሪን ነበር፤ አሁን ወደ ፍሰት መለኪያና ወደ ቫልቭ ተወስዷል። ፍሰት ይለካ፣ ማን ከለከለ? መድኃኒት በሚጨመርበት ጊዜ የተኙት ቧንቧዎች ተከፍተው ውሃው እንዲያልፍባቸው በየጊዜው ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ «ፓምፑ ለጥገና ተይዟል» የሚል መልስ የሚመጣልኝም ከእርስዎ ክፍል መሰል ባልደረቦች ነው። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ በረኪና እንደሚደፋ ሰው መቆጠሬ አሳዝኖኛል።

መሐንዲሱ

ማሳዘን አልፈለግኩም፤ የፓምፑም ነገር እውነት አለበት። መጠኑን እርስዎ ይወስኑ፣ ከክሎሪንና ከሌላው የቱ እንደሚሻልም እርስዎ ይምረጡ። ቀኑን ግን ጥገና ክፍሉ ሳያውቅ አይቁረጡ፤ ማጣሪያው ተፈትሾ፣ የተኙት ቧንቧዎች የሚከፈቱበት ተራ ወጥቶ፣ ቅርፊቱን የሚጠርግ ሰው ተመድቦ ይሁን። እኔ በሠራሁበት ጣቢያ መድኃኒቱ የተጨመረው ለእኛ ሳይነገረን ዓርብ ማታ ነበር። ቅርፊቱ መውረድ የጀመረው በሳምንቱ፣ እሑድ ሌሊት ሲሆን፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ኬሚስቱ አልነበረም።