አበል ያብዛላችሁ

ኤንጂኦዎቻችን ይመስገኑ! ለጋሹ ገና ሳይናገር የሚወደውን ያውቃሉ። አምና ወተት ላም ያከፋፍል የነበረ ድርጅት ዘንድሮ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ ነው። ላሞቹ ያው ናቸው። ሪፖርቱ ላይ ብቻ «የመቋቋም አቅም» ተብለዋል።

ይህ ጥበብ ከሰማይ አልወረደም። አዋጅ 621/2001 አሠልጥኗቸዋል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ሥራ እንዳይገባ ተከለከለ። የአገር ውስጥ ባለሀብት ደግሞ ለድግስ እንጂ ለመብት ኪሱ አይፈታም። ታዲያ ምን ቸገራቸው? ብዙዎቹ መብቱን ከሰነዳቸው ፍቀው «አገልግሎት» ጻፉበት። አዋጅ 1113/2011 ገደቡን ሲያነሳ የተፋቀው መብት በማግስቱ ተመለሰ። መቼም ወረቀት ሁሉን ቻይ ነው።

ከመንግሥት ጋር ያላቸው ፍቅርማ አይነሳ! ያለ ቢሮው ፊርማ ፕሮጀክት የለም። ያለ ፕሮጀክቱ ደግሞ ለቢሮው መኪና ነዳጅ የለም። እንዲህ ተሳስሮ ማን ማንን ይቆጣጠራል?

ፍቅሩን ለማየት እዚህ ጎንደር አንዱ ሆቴል አዳራሽ ጎራ በሉ። «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ይላል ባነሩ። ሦስት ሰዓት የተባለው አራት ተኩል ላይ ይጀመራል። የክብር እንግዳው ንግግራቸውን ያነቡና «አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ይወጣሉ፤ አበሉ ላይ ፈርመው ነው ታዲያ። አጀንዳው የንጹሕ ውኃ አቅርቦት ነው። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ከአጥሩ ውጭ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ጀሪካኖቹ አልተጋበዙም፤ ባለድርሻ አይደሉማ።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎንደር ቃና ዘገሊላን አክብራ ስትገባ፣ ዋሽንግተን ላይ የውጭ ልማት እርዳታን ለ90 ቀናት የሚያስቆም ትእዛዝ ተፈረመ። «ዘላቂነት» ሲያስተምሩን የኖሩ ፕሮጀክቶች ሳይሰነብቱ ቀጥ አሉ። ሥራቸውን ባጡት ነርሶችና ሾፌሮች ግን አልቀልድም። እነሱ ባነሩን አልሰቀሉም።

ደግነቱ የኛ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። አዲስ ፕሮፖዛል እየተጻፈ ነው አሉ፤ «ከእርዳታ ጥገኝነት መላቀቅ» የሚል። ለጋሽ እየተፈለገለት ነው።