ፍላስክ ወይስ ጃንጎ? የጀማሪ ምርጫ ክርክር

ፍላስክና ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ ዌብ ሰርቪስ (በኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) መሥሪያ ፍሬምወርኮች ናቸው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የፓይተንን መሠረት የጨረሰ፣ ዌብ ሰርቪስ ግን ሠርቶ የማያውቅ ሰው በየትኛው ይጀምር?

ለፍላስክ፦ ጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊገባው የሚገባው፣ ከብራውዘር ጥያቄ ሲመጣ የትኛው ፈንክሽን ተጠርቶ ምን መልስ እንደሚመልስ ነው። ፍላስክ ይህን በአንድ ፋይል፣ በአምስት መስመር ያሳየዋል። (ፋይሉን ብቻ «ፍላስክ» ብሎ አይሰይመው፤ ኢምፖርቱ (ላይብረሪውን የሚያስገባው መስመር) በላይብረሪው ፈንታ ራሱን ፋይሉን ይጠራና ይሰናከላል።) በጃንጎ ግን «ሰላም» የምትል ቃል ብራውዘር ላይ ለማውጣት ፕሮጀክት ይከፍታል፣ በውስጡ አፕ ይፈጥራል፣ ዩአርኤል (የገጹን አድራሻ) በሁለት ፋይል ያያይዛል። የሚሠራው ሳይገባው ይገለብጣል።

ለጃንጎ፦ አምስቱ መስመር እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላስ ወንድሜ? ሰርቪስ ዳታ ማስቀመጥ አለበት። ፍላስክ ኦአርኤምም (ዳታቤዙን በፓይተን ክላስ ማዘዣ)፣ ማይግሬሽንም (የሠንጠረዥ ለውጥን ዳታቤዙ ላይ ማዋያ)፣ የተጠቃሚ መግቢያም ይዞ አይመጣም፤ ጀማሪው ሦስት ላይብረሪ መርጦ ማገጣጠም ሊኖርበት ነው። ከዚያ ሞዴሎቹን (ሠንጠረዦቹን የሚገልጹትን ክላሶች) ለብቻ ፋይል ሲያወጣ፣ ዋናው ፋይል ሞዴሉን፣ ሞዴሉ ደግሞ ዋናውን ኢምፖርት ያደርግና ክብ ሠርተው ይቆማሉ። በጃንጎ ሞዴሉን ይጽፋል፣ ሜክማይግሬሽንስና ማይግሬት የሚሉትን ትእዛዞች ይሰጣል፣ በክሪኤትሱፐርዩዘር አስተዳዳሪ ይፈጥራል፤ ሞዴሉን አድሚን (የማስተዳደሪያ ገጹ) ላይ ሲያስመዘግብ መዝገብ መጨመሪያና ማረሚያ ገጹ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በ2005 ይፋ የሆነው ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ ቤት ነው፤ አድሚኑ ጽሑፍ ለሚያስገቡ ሰዎች ታስቦ እንጂ ለጌጥ አልተሠራም።

ለፍላስክ፦ ለክቡ መድኃኒት አለው፤ ዲቢውን (የዳታቤዙን ኦብጀክት) በሦስተኛ ፋይል ፈጥሮ ኢኒት-አፕ በሚለው ፈንክሽን ከአፑ ጋር ማያያዝ ነው። ጃንጎ የሚቀጣው ግን ዘግይቶ ነው። የራሱን የተጠቃሚ ሞዴል ከመጀመሪያው ማይግሬት በፊት ያልወሰነ ሰው፣ ሠንጠረዦቹ እርስ በርስ ከታሰሩ በኋላ መቀየር አበሳ ይሆንበታል። ጀማሪ ይህን በመጀመሪያው ቀን ከየት ያውቃል? አማርኛ ርዕስም ለስለጊፋይ (ርዕስን ወደ ዩአርኤል ቁራጭ ለሚቀይረው የጃንጎ ፈንክሽን) ቢሰጠው ባዶ ይመልስለታል።

ለጃንጎ፦ የስለጊፋይን አላው-ዩኒኮድ ትሩ ያድርግ፤ ዩአርኤሉ ላይም ስለግ በሚለው ዓይነት ፈንታ ኤስቲአርን ይጠቀም፣ ስለግ ከፊደል የላቲኑን ብቻ ነው የሚቀበለው። ዳታን ወደ ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) የሚቀይረው የፍላስክ ጄሰንፋይ ደግሞ ፊደላችንን በዩኒኮድ ቁጥር አይቀይረውም? ጄሰኑ ትክክል ነው፣ ተርሚናል ላይ ግን አይነበብም፤ ኤንሹር-አስኪ የሚለውን ቅንብር ፎልስ ማድረግ ይጠይቃል። በዚህ ተካክለናል። የሚያሳስበው ደህንነቱ ነው፦ በፍላስክ ጀማሪው ከፎርም የመጣውን ስም በመደመር ምልክት ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ) ውስጥ ይቀጥለዋል፤ ተንኮለኛ የጻፈው ጽሑፍም እንደ ትእዛዝ ይፈጸማል። የጃንጎ ኦአርኤም እሴቱን ከትእዛዙ ለይቶ ይልካል። ያለ ሲኤስአርኤፍ ቶክን (ፎርሙ ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) የተላከ ፎርምም 403 (ተከልክሏል የሚል መልስ) ይመለስለታል። ይናደዳል፤ ይናደድ።

ለፍላስክ፦ ተናዶ ያን ፍተሻ የሚያስቀረውን ሲኤስአርኤፍ-ኤግዘምፕትን ከኢንተርኔት ቀድቶ ይለጥፋል፣ ጥበቃውም ያኔ አበቃ! የኤስኪውኤሉን ግን እቀበላለሁ፤ ትእዛዙ ውስጥ በጥያቄ ምልክት ቦታ ይዞ እሴቱን ለብቻ ማቀበል ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር መሰጠት አለበት። መግቢያና አምስት ስድስት ሠንጠረዥ ላለው ሥራ ጃንጎን አልከለክልም። ሦስት አድራሻ ይዞ ጄሰን ብቻ ለሚመልስ ሰርቪስ ግን ያን ሁሉ መሸከም ለምን?

ለጃንጎ፦ ለሦስት አድራሻ ይሁንልህ። ብቻ ሰርቨር ላይ ሲያወጣው ዲበግን (ስህተትን ከነዝርዝሩ የሚያሳየውን ሁነታ) ያጥፋ፣ ከፍሬምወርኩ ጋር በሚመጣው የልምምድ ሰርቨርም አያስኪደው፤ ሊኑክስ ላይ ጉኒኮርን፣ ዊንዶውስ ላይ ዌይትረስ የተባሉትን ሰርቨሮች ይጠቀም፣ ጉኒኮርን እዚያ አይነሳምና።