ሳያገኙ «አገኘሁ» ማለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሲያትል አቅራቢያ ባለ አንድ ፓርክ፣ ከትንሽ የእንጨት ድልድይ ሥር ተንበርክኬ፣ ለጨዋታ የደበቅኩትን ሳጥን ከፍቼ ስም እቆጥር ነበር። በግራ እጄ ዝናብ ያበሰበሰው የኪስ ደብተር፣ በቀኜ ስልኬ። ስልኩ ላይ ባንድ ዓመት ውስጥ 31 ሰው «አገኘሁት» ብሎ ጽፏል። ደብተሩ ላይ የፈረሙት ግን 19 ናቸው። ገጾቹ እንዳይቀደዱ በጥፍሬ እየለየሁ እንደገና ቆጠርኩ። ያው 19።

ከቀሩት 12 ሰዎች አንድ ሁለቱ እስክሪብቶ ረስተው ይሆናል። ይሁን። አሥሩስ?

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ደብተርና ጥቃቅን ነገሮች ከትቶ ጫካ ውስጥ፣ ድልድይ ሥር ወይም ድንጋይ መሃል ይደብቃል። የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኝ ደብተሩ ላይ ይፈርማል፣ ዕቃውን እንደነበረ ይመልሳል፣ ከዚያ ኦንላይን ማግኘቱን ይመዘግባል። የተደበቀው ዕቃ በእንግሊዝኛ «ካሽ» ነው የሚባለው። በአማርኛ ሲጻፍ ገንዘብ ስለሚመስል እኔ ሳጥን እለዋለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ ሲያሳየኝ ትዝ ያለኝ ኩኩሉ ነው። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኩኩሉ!» ሲል ከየጥጉ «አልነጋም!» የምንለው። ያኔ ዳኛ አልነበረም። በጣቶቹ መሃል አጮልቆ ያየ ልጅ ግን ወዲያው ይታወቅ ነበር። በማግስቱ ማንም አያጫውተውም። ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖን፣ ማንም ሳያስተምረን፣ ይሄ ይገባን ነበር።

ጂኦካሺንግም የተወለደው እንዲሁ በመተማመን ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብሎ ማዛባቱን አቆመ። ከዚያ በፊት መሣሪያው መቶ ሜትር ያህል ሊስት ይችል ነበር። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው እዚሁ ጎረቤታችን ኦሪገን፣ ፖርትላንድ አቅራቢያ ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ ደብተርና እርሳስ ነበሩ። ሕጉ አንድ መስመር ነው፦ ጥቂት ውሰድ፣ ጥቂት ተው፣ ደብተሩ ላይ ጻፍ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄረሚ አይሪሽ የጨዋታውን ድረ ገጽ ሲከፍት በዓለም ላይ የነበሩት ሳጥኖች 75 ብቻ ናቸው። ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ሲያትል ነው። ያ ሁሉ ሳጥን የቆመው ግን አሁንም በደብተርና በእርሳስ ላይ ነው። ካሜራ የለም። ተቆጣጣሪ የለም።

ማጭበርበሪያው ብዙ ዓይነት ነው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚመዘግብ አለ። አምስት ሆነው ወጥተው፣ ሳጥኖቹን ተከፋፍለው፣ አንዱ ላንዱ እየፈረመ ቀኑን የሚጨርሱ አሉ። ቦታውን ለማወቅ እንቆቅልሽ መፍታት በሚጠይቁት ሳጥኖች ላይ ደግሞ መልሱን በድብቅ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። የለየለት ኩረጃ ነው። እንቆቅልሹን ያዘጋጀው ሰው ስንት ምሽት እንዳመሸበት ማን ያስባል?

እኔን ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ባለፈው ፀደይ ያየሁት ነው። ሳጥኔን ልፈትሽ ሄድኩ። ድልድዩ ሥር ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱ የኔው ነው፤ አረንጓዴ የቀባሁት፣ ልጄ ክዳኑ ላይ ቅጠል የሳለችበት። ሁለተኛው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ የተጠቀለለ ወረቀት አለው። ለካ አንድ ሰው ፈልጎ ሲያጣ ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ አስቀምጦ «ጠፍቶ ነበር፣ ተክቼልሃለሁ» ብሎ እንዳገኘ አስመዝግቧል። የኔ ሳጥን ከብልቃጡ ሁለት ሜትር ርቆ እንደተቀመጠ ነው። ከሰውየው በኋላ የመጡ ስድስት ሰዎች የፈረሙት ብልቃጡ ውስጥ ነው። ልጄ የሳለችውን ቅጠል ሳያዩ፣ ያገኙ መስሏቸው ሄዱ።

አንዱን የሐሰት ምዝገባ ሰረዝኩ። የሳጥኑ ባለቤት ደብተሩ ላይ ያልፈረመ ሰው ያስመዘገበውን እንዲሰርዝ ደንቡ ይፈቅዳል። የሰረዝኩበት ሰው በመልእክት ተቆጣኝ። «ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን አካበድከው?» ነው ነገሩ።

ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት ሳጥኔን ጎርፍ ወሰደው። እኔ አላወቅኩም። ለምን? ሦስት ሰዎች ተከታትለው «አገኘሁት» ብለዋላ! እነሱን አምኜ ቤቴ ተቀመጥኩ። እነሱን አምኖ ደግሞ አንድ አባት የስድስት ዓመት ልጁን ይዞ አንድ ሰዓት ነድቶ መጣ። ዝናብ ላይ 40 ደቂቃ ፈለጉ። በኋላ እንደጻፈልኝ፣ ልጅቷ ሌሎቹ ሁሉ ያገኙትን እሷ ብቻ ማግኘት ያቃታት መስሏት አልቅሳለች። መልእክቱን ሳነብ በጣም አፈርኩ። ያላጠፋሁትን ይቅርታ ጠየቅኩ። ሦስቱ «አገኘሁ» ባዮች ይህን አያውቁም። በስማቸው አጠገብ ያለው ቁጥር ግን በአንድ በአንድ ጨምሯል።

ቁጥሩ ነው በሽታው። ያገኘኸው ብዛት ከስምህ ጎን ለሁሉም ይታያል። መቶ፣ ሺህ፣ አሥር ሺህ። ሰው ቁጥር ማሳደድ ሲጀምር ጫካው ይረሳል፣ ድልድዩም ይረሳል።

ሌላው ምስጋና ቢስነቱ ነው። ሳጥን መደበቅ የአንድ ቀን ሥራ አይምሰላችሁ። የቦታውን ባለቤት ፈቃድ ትጠይቃለህ። ከሌላ ሳጥን 161 ሜትር መራቅ አለብህ። በነፃ የሚያገለግሉ ገምጋሚዎች አይተው ያጸድቁታል። ከዚያ በኋላ ክረምት ከበጋ እየተመላለስክ ደብተር ትቀይራለህ፣ ውሃ ትጠርጋለህ። ለዚህ ሁሉ የምታገኘው ክፍያ ፈላጊው የሚጽፍልህ ቃል ብቻ ነው። እሱም ዛሬ አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኗል፤ «ስለ ሳጥኑ አመሰግናለሁ» የሚለው አጥሮ። በአንድ ቀን ሃምሳ ሳጥን ላይ ያችኑ አራት ፊደል ይለጥፋሉ። እሷንም የማይጽፉ አሉ። «ደብተሩ ረጥቧል» ብሎ ወቅሶ የሚሄድ ሰው አንዲት ደረቅ ወረቀት ጣል ቢያደርግ ምን ነበረበት?

እኔ ሳጥኔ ውስጥ የአገራችንን ሳንቲሞች ነበር የማስቀምጠው። አንበሳ ያለባቸውን። የፈረንጅ ልጆች በጣም ይወዷቸዋል። ከየት እንደመጡ በትንሽ ወረቀት ጽፌ አብሬ አስቀምጥ ነበር። ደንቡ የወሰድከውን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ተካ ነው። ቅዳሜ ዕለት ስከፍተው ያገኘሁት የማስቲካ ልጣጭና አንድ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

ሁሉም እንዲህ ናቸው እያልኩ አይደለም። ከ19ኙ ፈራሚዎች አንዷ አሮጊት ናቸው። በእርሳስ ሦስት መስመር ጽፈዋል። ከባላቸው ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን በእግር መውጣታቸው እንደሆነ፣ ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን እንዳዩ። ያንን ገጽ ቆርጬ፣ አድርቄ አስቀምጬዋለሁ።

ደግሞ በዚህ ጨዋታ ውስጥ በጣም የማከብራቸው «አላገኘሁትም» ብለው የሚመዘግቡትን ነው። ብዙ ሰው ያፍርበታል። እኔን ግን ከመቶ ባዶ ምስጋና ይበልጥ የሚጠቅመኝ ይሄ ቃል ነው። ሄጄ እፈትሻለሁ። ጠፍቶ ከሆነ እተካለሁ። ለሚቀጥለው ሰውም ቢሆን ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ማወቁ ይበጀዋል። ቁጥር ሳይጨምርለት እውነቱን የጻፈ ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች ውለታ ውሏል።

እሁድ ዕለት ከልጄ ጋር ተመልሰን አዲስ ደብተር ከተትን። እሷ ሳንቲሞቹም ይመለሱ ስላለች መለስናቸው። ትናንት ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ አየሁት። ደብተሩ ላይ ሁለት ስም አለ፣ ስልኬም ላይ ሁለት «አገኘሁት»። ሦስተኛው ሰው «ግማሽ ሰዓት ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም» ብሎ ጽፏል። እዚያው ድልድዩ ላይ ቆሜ መለስኩለት፦ ሦስተኛውን ምሰሶ ከበስተጀርባው በእጅህ ዳስሰው አልኩት። ቅዳሜ ተመልሶ እንደሚሞክር ነግሮኛል።