ሴራሚክ ብቻውን ውሃ አያቆምም

ወንድሜ፣ «መታጠቢያ ቤት ላይ ሴራሚክ ከተነጠፈ ውሃ አያልፍም፣ በጀት ካነሰህ ዋተርፕሩፉን (ከስር የሚቀባውን የውሃ መከላከያ) ዝለለው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሴራሚኩ ራሱ ባያሳልፍ እንኳ በመሃሉ የሚሞላው የሲሚንቶ ፉጋ ውሃ ይጠጣል። ማሸጊያ ያልተቀባ ደረቅ ፉጋ ላይ ውሃ ጠብ አድርግበትና እየው፤ ወዲያው ይጠቁራል። ያ ውሃ በየቀኑ ቀስ እያለ ከስር ወዳለው የሲሚንቶ ወለል (ሊሾ) ይወርድና ቆይቶ ከጀርባ ያለው ክፍል ቀለም ሲላጥ ወይም ከታች ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ሲወጣ ታየዋለህ፤ ያኔ ሴራሚኩን ነቅሎ እንደ አዲስ መጀመር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሁለት እጥፍ ትከፍላለህ።

ውሃውን የሚያቆመው ከሴራሚኩ ስር የሚቀባው መከላከያ ነው። መጀመሪያ ሊሾው በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ወደ መውረጃው ይዘንብል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ዙር ቀባ፣ ማዕዘኖቹና መውረጃው ዙሪያ ላይ የማጠናከሪያ ጨርቅ አስገባበት፣ ቶሎ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በደንብ ሲደርቅ መውረጃውን ድፈንና ውሃ አቁርበት፤ 24 ሰዓት ይቆይ። ካሰረገ ሴራሚክ ሳይነካ ታስተካክለዋለህ።

መቆጠብ ከፈለግክ ረከስ ያለ ሴራሚክ ግዛ፣ ግድግዳውን ሻወሩ አካባቢ ብቻ አልብሰውና ሌላውን እርጥበት የሚችል ቀለም ቀባው።