ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ጉቶውን እዩ

ወገኖቼ ሆይ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ ተሸክመን ተራራ እንወጣለን፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እዚያው ተራራ ላይ ፍየል እንለቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ አብረን አጨብጭበናል፤ ስንቱ ጸደቀ ብለን የጠየቅነው ግን ጥቂቶች ነን። የምወቅሳችሁ መትከላችሁን ጠልቼ ሳይሆን፣ በደረቁ የግጦሽ መሬታችን ሳንተክለው የሚያቆጠቁጠውን ደን በየዓመቱ ስለምናስበላው ነው።

ባዶ የመሰላችሁ መሬት ጎንበስ ብሎ ለሚያየው ባዶ አይደለም። ፍየል ደጋግሞ ስለቀነጠበው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ማለት ተስኖት ከአሮጌ ጉቶ አቆጥቁጦ እንደ ትራስ የደደረ የግራር ቁጥቋጦ ታገኛላችሁ፤ ላዩ የዘንድሮ ቢመስልም ሥሩ የቆየ፣ ርጥበት ያለበትን ጥልቀት አስቀድሞ ያገኘ ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ክረምት ከከብት ጥርስና ከገጀራ መትረፍ፣ ከዚያም ከተንጨባረሩት ቀንበጦች ጠንካራ ጠንካራዎቹን ሦስት አራት አስቀርቶ የቀረውን የሚመለምልለት ሰው ነው። ችግኙ ግን ሥሩን በቅጡ ሳያወርድ ጥቅምት ይደርስበታል።

ይህ የምኞት ወሬ አይደለም። በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ በአብዛኛው ከነበረው ጉቶ እንዲያገግም ተደርጓል፤ ሥራውን የያዙት ሰባት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆኑ፣ ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ለመቀነስ አገሮች በተስማሙበት በኪዮቶ ፕሮቶኮል ሥር ተመዝግቦ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ዛፎቹ ከአየር የሚይዙትን 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመግዛት ተዋውሏል።

«አየር ሸጡ» እያላችሁ የምትሳለቁ፣ የተሸጠው አየር አለመሆኑን ልብ በሉ። የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ አንድ ቶን ካርቦን ደግሞ ከአየር ከተወሰደ 3.67 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። ገዢው የሚከፍለው በየጊዜው እየተለካ ቆሞ ለተገኘው ዛፍ ስለሆነ፣ በችግኝ ቁጥር ሪፖርት የለመድነው ማስዋብ እዚህ አያዋጣም። ከብቱን ከተከለለው መሬት አስወጥታችሁ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ጫካ ብትነዱትም ያተረፋችሁት ነገር የለም፤ በዚህ በኩል የዳነው በዚያ በኩል ይበላልና። ሣሩን አጭዶ ማብላት አድካሚ ነው፣ አልክድም፤ ከብት ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ መሬቱ እንዲያገግም መጠበቅ ግን ራስን ማታለል ነው።

ደግሞም ሁሉም ግጦሽ ደን ይሁን አላልሁም። በቦረና ቁጥቋጦን ይገታ የነበረው የሣር ቃጠሎ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦ ግጦሹን እየወረሰ አርብቶ አደሩን ማስቸገሩ የታወቀ ነው፤ በአፋር የተስፋፋው መጤው እሾሃማ ዛፍ ፕሮሶፒስም ካርቦን መያዙ ባይቀር የከብቱን ጉሮሮ ዘግቷል። በየትኛው መሬት ላይ የትኛው ዛፍ ነበር የሚለውን ለመመለስ ከሁሉ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ቦረናዎች ለጥጃና ለደከመ ከብት «ካሎ» ብለው ግጦሽ ሲከልሉ ኖረዋልና፣ መከለል የውጭ ሰው ያመጣብን ቀንበር ነው የምትሉም ይህን ብታስታውሱ መልካም ነው።

በመጪው ክረምት ለተከላ ስትጠሩ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት በመሬቱ ላይ ያለውን ሕያው ጉቶ እየዞራችሁ ቁጠሩ፤ እየቆጠራችሁም በድንጋይ አጥሩለት። ጉድጓዱን ጉቶ በሌለበት ቆፍሩ፤ ለአንድ ችግኝ ብላችሁ የግራሩን ሥር በዶማ አትበጥሱት።