ሥራው ቤቴ ነው፣ ወረቀቱ ግን ሁሉም ሰው ጋ

ቤቴ ሆኜ ለድርጅቶች የማሸጊያና የማስታወቂያ ዲዛይን እንደምሠራ ስናገር፣ ድሬዳዋ ውስጥ የሚከተለኝ ጥያቄ ምንጊዜም «ሱቅሽ የት ነው?» የሚል ነው። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ በንግድ የኖረች፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተላት ናትና ነጋዴን ከነመጋዘኑ ማሰብ ብትለምድ አይገርምም። ጥያቄው ከጎረቤት ሲመጣ ስቄ አልፈዋለሁ፤ ማኅተም ከሚመታበት መስኮት ሲመጣ ግን ሥራ ያስፈታል። ግብር መክፈል አልፈልግም አላልኩም። ብሶቴ ሌላ ነው፤ የምኖርበትን፣ ያወጣሁትንና የከፈልኩትን የሚያስረዳልኝ ወረቀት ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ወይም በሌላ ሰው ስም መሆኑ ነው።

ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለማውጣት አድራሻ፣ ለአድራሻው ደግሞ የኪራይ ውል ተጠየቅሁ። የምሠራው ከዚራ ሰፈር ባለች አንዲት ክፍል፣ አልጋዬና ጠረጴዛዬ በተጎራበቱበት ነው። አከራዬ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ ኪራይ ቢዘገይ ፊታቸውን የማያጠቁሩ እናት ናቸው፤ ውል ሲባል ግን «ልጄ፣ ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ወረቀት ብቻ አታስነኪኝ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ እኔ የምፈልገው ውል ግን ክፍሏ ለንግድ መዋሏን የሚገልጽ በመሆኑ፣ የሚጦሩባት ኪራይ በማግስቱ እንደ ንግድ ቤት ግብር ትጠየቅብኛለች ብለው ይሰጋሉ። በመጨረሻ የፈረሙልኝ የዕድሩ ዳኛ መጥተው ካስረዷቸው በኋላ ነው።

ሒሳቤን በመዝገብ ይዤ ስለምሠራ ለእያንዳንዱ ወጪ ማስረጃ ይጠየቃል። የድሬን ሙቀት ያለ ቬንትሌተር ተቋቁሞ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ የማይታሰብ ስለሆነ የመብራት ወጪዬ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ቆጣሪው ለግቢው በሙሉ አንድ ሲሆን የመብራት ቢሉም የሚወጣው ከዓመታት በፊት ባረፉት በአከራዬ ባለቤት ስም ነው። ኢንተርኔቱን በቴሌብር በፓኬጅ እገዛለሁ፤ ማስረጃዬ የስልክ መልእክት ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ የገዛሁት ሃርድ ዲስክም ደረሰኝ የለውም፤ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» የሚለውን መልስ ያልሰማ የድሬ ሰው ካለ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ደረሰኝ ያገኘሁበት ዕቃም ቢሆን ጣጣ አለው። ከካሽ ሬጅስተር በሚወጣው ወረቀት ላይ ጽሑፉን የሚያወጣው ሙቀት እንጂ ቀለም አይደለም፤ ስለዚህም የእኛ አገር ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያደበዝዘዋል። ጥቅምት ላይ ፋይል ውስጥ ያስቀመጥኩትን የፕሪንተር ቀለም ደረሰኝ ሰኔ ላይ ሳወጣው የሻጩ ስም ላይኛው ጠርዝ ላይ በጭላንጭል ይታያል፤ ቀኑም ብሩም የሉም። በጊዜው ፎቶ አንሥቼው ነበርና ፎቶውን ሳቀርብ «ኦሪጅናሉን አምጪ» ተባልኩ። ኦሪጅናሉ እኮ ይኸው በእጄ የያዝኩት ባዶ ወረቀት ነው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዊዝሆልዲንግ ነው። ድርጅቶች ሲከፍሉኝ ከክፍያዬ ላይ ቀንሰው ለመንግሥት ገቢ ያደርጋሉ፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ 2 በመቶ የነበረው ቅናሽ በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። መለያ ቁጥር ለማያቀርብ ሰው የ2008ቱ አዋጅ 30 በመቶ እንዲቀነስ ስለሚያዝ፣ አከራዬን ያን ያህል የተማጸንኩት ወድጄ አልነበረም። የተቀነሰው ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ ከሚደርስብኝ ግብር ላይ ሊታሰብልኝ የሚገባ የራሴ ገንዘብ ነው። የሚታሰብልኝ ግን የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳቀርብ ነው፤ ደረሰኙ ደግሞ ከፋዩ ፋይናንስ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን የማልጠራው አንድ ደንበኛዬ ብሩን ለመቀነስ አንዲት ቀን አይዘገይም፤ ደረሰኙን ስጠይቅ ግን ገንዘብ ያዧ ፈቃድ ላይ ናት፣ የደረሰኙ ፓድ አልቋል፣ ኦዲት ላይ ነን እየተባለ ሐምሌ ይገባል። ሲሰጡኝም ከመለያ ቁጥሬ አንዱን አኃዝ አሳስተውት ስለነበር የከፈልኩት ግብር ለማላውቀው ሰው ሊቆጠር ምንም አልቀረው። ይታረምልኝ ብዬ ስመለስ «ለ900 ብር ነው እንዲህ የምትመላለሺው?» አሉኝ። አዎን፣ ለ900 ብር ነው፤ ከ30,000 ብር ሥራ ላይ የቀነሳችሁት እሱ ነዋ! ደግሞስ ለእናንተ ትንሽ ከሆነ ቀድሞ መስጠቱ ምን ይከብዳል?

ከግቢ ወጥቼ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር የአንድ ደንበኛ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ጸሐፊም፣ ሒሳብ ሠራተኛም፣ ተላላኪም እኔው ነኝና የሚተካኝ የለም። ስለዚህ ፋይናንስ ክፍል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ክፍያውን ባስተላለፋችሁበት ቀን ደረሰኙን ቁረጡልን፤ መለያ ቁጥሩንም ከመስጠታችሁ በፊት ከምስክር ወረቀቱ ጋር አመሳክሩት። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የእናንተ ደረሰኝ እስከዚያ ካልደረሰን በአንድ ገቢ ላይ ሁለት ጊዜ የምንከፍለው እኛ ነን።