ይድረስ ለክቡር ከርነል ፓኒክ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነው ከርነል መቀጠል ሲያቅተው ኮምፒውተሩን ቀጥ የሚያደርጉት ስህተት ለሆኑት ለእርስዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቅዳሜ ማታ ሳይጠሩ መጥተው ስክሪኔን በነጭ ጽሑፍ ስለሞሉልኝ፣ የካፕስ ሎክ መብራቴንም እንደ አምቡላንስ ብልጭ ድርግም ስላደረጉልኝ በሁለት እጄ እጅ ልነሣዎ ነበር፤ አንዱ ግን የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ስለያዘ አልተመቸኝም።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ሊኑክሴ የማልጠቀምበትን የዕቃ ማናገሪያ ፕሮግራም (ድራይቨር) ሁሉ ተሸክሞ ከሚንገላታ ብዬ ከርነሉን በልኬ አሰፋሁት። ኮምፓይሉ (ኮዱ ወደ ፕሮግራም መቀየሩ) እስኪያልቅ ቡና ቆላሁ። ሪስታርት ሳደርግ ግን ከአቦሉ በፊት እርስዎ ቀረቡ፤ ሩት ፋይል ሲስተሙን (ሲስተሙ ያለበትን ዋናውን የዲስክ ክፍል) ማውንት ማድረግ፣ ማለትም መክፈት፣ አልቻልኩም፣ ያለውም «አንኖውን ብሎክ ዜሮ ኮማ ዜሮ» ላይ ነው አሉኝ።

ይህ አድራሻ ነው? የአዲስ አበባ ሰው እንኳ የቤት ቁጥሩን ባያውቅ «ከሱቁ ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴው በር» ይላል። ዜሮ ዜሮ ማለትዎ «ዲስክ የሚባል ነገር ጭራሽ አላየሁም» እንደሆነ የገባኝ እየዋለ እያደረ ነው። 8 ኮማ 1 ብለውኝ ቢሆን፣ ዲስኩን አይተው ፋይል ሲስተሙ እንዳልገባዎ እጠረጥር ነበር። «ኖት ሲንኪንግ» ያሉኝንማ «አይዞህ፣ አልሰመጥንም» የሚል ማጽናኛ አድርጌው ነበር። ለካ ሜሞሪ ላይ የቀረውን ዲስክ ላይ አልጽፍም፣ ጭራሽ እንዳላበላሸው ማለትዎ ኖሯል። ለዚህ ጨዋነትዎ ግን አመሰግናለሁ።

በርግጥ ኮንፊጉ (የከርነሉ ምርጫ ዝርዝር) ላይ የዲስኬን፣ የኤንቪኤምኢውን፣ ድራይቨር «ኤም» ብዬ ሞጁል (ከከርነሉ ውጭ የሚቀመጥ ቁራጭ) ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ላይ፣ ዲስኩ የሚነበበው በሞጁሉ፤ ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ትቶ ሣጥኑን መቆለፍ ማለት ነው። ለዚህ ነበር ዲስኩ እስኪከፈት የሚያስፈልገውን የያዘ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ስንቅ አስቀድሞ የሚቋጠረው። የእኔ ስንቅ ግን አልተቋጠረም፤ የቡት ፓርቲሽኑ (የማስነሻ ፋይሎቹ የዲስክ ክፍል) በአሮጌ ከርነሎች ጢም ብሎ ስለነበር ተርሚናሉ «ቦታ የለም» ብሎ ጮኾ ነበር አሉ። እኔ ያኔ ምጣዱ ላይ ነበርኩ።

በቶናው ድራይቨሩን «ዋይ» ብዬ ከርነሉ ውስጥ ከተትኩት። አሁንስ ዲስኩን ያያል ብዬ ብነሣ፣ እርስዎ እንደገና ዜሮ ዜሮ! ለካ የሩቱ አድራሻ የተጻፈው በዩዩአይዲ (በፋይል ሲስተሙ መለያ ቁጥር) ነው፤ እሱን የሚፈታው ደግሞ ያው ያልቋጠርኩት ስንቅ ነው። ከርነል ብቻውን ፓርትዩዩአይዲ (የፓርቲሽኑን መለያ ቁጥር) እንጂ ዩዩአይዲ አያነብም። ይህን አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ምን ይጎድልብዎ ነበር? ለማይገባኝ የቁጥር ኮተትዎ ሲሆን ቦታ ሞልቶዎታል።

ከርነል አስነሺው ፕሮግራም በግራብ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብቼ አሮጌውን ከርነል ብነካው ምንም ሳያጉረመርም ተነሣ። ቦታ ጨረሱ ብዬ ስረግማቸው ከነበሩት አንዱ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን አጥፍቼ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን አዘጋጅቼ፣ ግራብን አድሼ፣ በረካው ላይ አዲሱ ከርነል ቡት አደረገ። በስንት ሰከንድ እንደፈጠነ አይጠይቁኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለግራብ
ለአሮጌው ከርነል (ከይቅርታ ጋር)
ለዋይፋይ ድራይቨሬ፣ ኮንፊጉ ላይ «ኤን» ብዬህ እንደሆነ አሁን ነው ያየሁት